ሰባቱ ዋሶችና የቅዳሜው ካሚዮን

ደብረ ማርቆስ፣ ማክሰኞ ሚያዝያ ፳፬ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለእታለሜ ለየብርጓል፤

ሰላምታዬ አስቀድሞ አባታችን ካሉበት የእስር ቤት በር ይድረስ፤ ከዚያ ተመልሶ ላንቺ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ። ቤቱም ደኅና ነው፤ የጎደለው እናንተ ብቻ ናችሁ።

ደብዳቤሽን ካሚዮኑ ሐሙስ አምጥቶት ከአክስታችን ከሽታዬ ቤት አገኘሁት። አንብቤ ሳልጨርስ ነው ወደ ይጁቤ የሮጥሁት። «አባታችንን የሚያስፈታ ሰባት ዋስ ከየት ታመጣለህ?» ላልሽኝ፣ አምጥቻለሁ። መሬት ያለው፣ ያልታሰረ፣ ጫካ ያልገባ፣ በአካል ቀርቦ ጣቱን የሚያትም፣ ያውም ሰባቱም ባንድ ቀን። እንዲህ ያለ ሰው ባገራችን ስንት ቀረ ብለሽ ነው? ሦስት ቀን ቤት ለቤት ዞርሁ። አንዳንዱ በሩን ዘጋብኝ፤ አንዳንዱ አልቅሶ መለሰኝ። ያገኘኋቸው ልክ ሰባት ናቸው፤ ስምንተኛ የለም። እኔማ መሬት የለኝም፣ የልጅ ዋስነትም አይቆጠርም ብለሽኛል።

የመጀመሪያው አለቃ ወልደ ሩፋኤል ናቸው። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ነገሩን ስነግራቸው ጸሎታቸውን ጨርሰው፣ «አባትህ አወቀ ሌላ ጊዜም ነገር አያበዛም፤ መቼ ነው የምንነሣው?» ብቻ አሉኝ። ሁለተኛው እንዳላማው ነው፤ ያ አራሹ፣ በሬው ሲደክም እንኳ ምላሱ የማይደክመው። የቀሩትን አምስቱን ታውቂያቸዋለሽ።

«በምን ትመጣላችሁ?» ላልሽው በካሚዮን ነው እንጂ በምን! ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ከማርቆስ ይነሣል፤ ቢዘገይ እሑድ ጧት አዲስ አበባ ነው። ስምንት ሆነን ባንድ ላይ ተቀምጠን፣ አንዱ ቀርቶ አንዱ ቀድሞ ሳንል እንደርሳለን። ከዲማ ቅኔ ተመርቄ ስወጣ የኔታ «እግርህ አይታሰር» ብለው መርቀውኛል። ምርቃቱ የሚሠራው አሁን ነው።

የተባለው ቀን ግንቦት ፳፬ ነው፤ አልረሳሁትም። ቀኑ ካለፈ ወደ ባሕር ማዶ ይጫናሉ ያልሽውን ለማንም አልነገርሁም። አባታችን ያጠፉት ድጓ ማስተማር ነው፤ ተማሪዎቻቸው ጫካ ቢገቡ እሳቸው በምን ዕዳቸው? ጣልያን እስረኞችን ከሚወስድበት ደሴት የተመለሰ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም።

ሳላቸው ተሻላቸው ወይ? ባለፈውም ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም።

ወንድምሽ ፍሥሐ


አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ግንቦት ፩ ቀን ፲፱፻፴፩

ወንድም ዓለም ፍሥሐ፣

እንዴት ነህ? ጽሕፈቴ ቢጣመም ይቅርታ፤ አባታችን ዳዊት ሲያስደግሙኝ ለማንበብ ነበር እንጂ ለመጻፍ አልነበረም።

ሰባቱን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሁ ጸለይሁላቸው። ካሚዮኑን ግን እኔም አውቀዋለሁ፤ የመጣሁት በእሱ ነው። ባለፈው ወር አብረው ከተነሡት ካሚዮኖች ያልደረሰ አለ። ጫካ የገቡት ከገደሉ ላይ ሆነው ይተኩሳሉ። በማን ፈርጄ ላልቅስ? የሚተኩሰው የአባታችን ተማሪ ቢሆንስ? ከላይ ሆኖ ለሚያይ ተሳፋሪው ሁሉ ባንዳ ይመስላል። የበቅሎ መንገድ ቢረዝምም ሰው ያውቀዋል፤ መንገደኛ መሆንህ ከሩቅ ይታያል። እንግዲህ አንተ የተማርህ ነህ፤ ፍረድ።

ብቻ አትከፋፈሉ። ስድስቱ ደርሰው አንዱ ቢቀር ከንቱ ነው። በሩ ላይ ስም ሲጠራ ዋሱ በእግሩ ቆሞ «አለሁ» ማለት አለበት። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ በቃሬዛ ይዘው መጥተው «የሚሞት ሰው ዋስ አይሆንም» ተብለው ተመለሱ። ዋስ ከሆነም በኋላ ከሰባቱ አንዱ ቢሞት፣ በዐሥራ አምስት ቀን ሌላ ካልተተካ እስረኛው ይመለሳል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በመንገድ እንዳታደክማቸው።

ስለ ሳላቸው የጠየቅኸኝ... አገልግሉን በየቀኑ አደርሳለሁ። ባዶውን ይመልሱልኛል። ባዶ ከተመለሰ በልተዋል ማለት ነው። እኔ እንዲህ ብዬ አምናለሁ፤ አንተም እመን።

እኅትህ የብርጓል


ደብረ ማርቆስ፣ አርብ ግንቦት ፬ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእታለሜ፤

ይህን የምጽፍልሽ ነገ ለሚነሣው ካሚዮን ለመስጠት ነው። ደብዳቤዬ ይሳፈራል፤ እኛ አንሳፈርም። የፈራሽው ግን አይደለም ያስቀረን።

ትናንት ሰባቱን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰበሰብኋቸው። ስለ ካሚዮኑ ፍጥነት ስናገር ቆይቼ «የሚነሣው ግን ቅዳሜ ብቻ ነው» ስል አለቃ ቀና አሉ።

«ቅዳሜማ ሰንበት ነው፤» አሉኝ።

«አለቃ፣ እርስዎ አይራመዱ፣ አይነዱ፤ ተቀምጠው ነው የሚሄዱት።»

«መሄዴ ግን ይቀራል?»

እንዳላማው ጣልቃ ገባና፣ «ካሚዮኑ አልተጠመቀ፤ ሰንበት አያውቅም። ክርስትና ብናስነሣው አርብ ይነሣልን ይሆናል፤» ብሎ ሰውን አሳቀ። አለቃም ሣቁ፤ ግን ከቃላቸው አልተነቃነቁም።

እኔ ዝም ልል ነው? በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በግ አነሣሁ። ጌታ ራሱ «ይዞ የማያወጣው ማን ነው?» ብሎ የለም ወይ አልኋቸው። ረጋ ብለው መለሱልኝ፦ «በጉ የሚወጣው ሌላ ቀን ሳይኖረው ነው። አንተ ገና ጉድጓዱን አላየኸውም። ቀኑም አለ፣ በቅሎም አለ። ፍሥሐ ልጄ፣ እኔን ዋስ የምታደርገኝ በምኔ ነው? በቃሌ አይደለም? ለእግዜር የገባሁትን ቃል ሽሬ ስመጣ፣ ለጣልያኑ የምገባውን እኔ ራሴ እንዴት አድርጌ ልመነው?»

ዲማ ይህን አላስተማሩኝም።

ስለዚህ ይጁቤ ካለው ከበቅሎ አከራዩ ከታረቀኝ ስምንት በቅሎ ተከራየሁ፤ እሱም አብሮን ይመጣል። ቀኑን ደጋግሜ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ማክሰኞ ግንቦት ፰ እንነሣለን። ሐሙስ ማታ ደጀን እንገባለን። አርብ ሳይነጋ ዓባይን እንወርድና ፀሐይ ሳትጠልቅ ማዶ ጎሐ ጽዮን እንወጣለን፤ ቅዳሜና እሑድን እዚያ ደጋ ላይ እናርፋለን። ከዚያ ሰኞ ተነሥተን፣ የሚመጣውንም ሰንበት አርፈን፣ ግንቦት ፳፪ አዲስ አበባ። ሁለት ቀን ይተርፈናል። ታረቀኝ አጥብቆ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በረሃው ውስጥ ማደር የለም። ንዳዱ የደጋ ሰው አይምርም።

ቆጠራው ልክ ነው። አትጨነቂ።

ፍሥሐ


ጎሐ ጽዮን፣ ሰኞ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእታለሜ፤

ይህን ወደ አዲስ አበባ ለሚገሰግስ ፈረሰኛ ነጋዴ ሰጠሁት፤ ከእኛ ይቀድማል። ሳታነቢ አትቆጪ። ሁላችንም አለን፤ ዓባይን ተሻግረናል።

ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰንበቶቹን ሁሉ ቆጥሬ ነበር። ሐሙስ ጧት ከደጀን የግማሽ ቀን መንገድ ሲቀረን ደወል ተደወለ። አለቃ ከበቅሎ ወረዱና ጫማቸውን አወለቁ።

«ዛሬ ምንድን ነው?» አልኋቸው።

ዞር ብለው እስኪበቃቸው አዩኝ። «ዕርገት ነው። ምርቃቱን የሰጡህ በምን ቀን ነበር?» አሉኝ።

ዕርገትን ረሳሁት፣ እታለም። ዲማ በዕርገት ማኅሌት ቆሜ ቅኔ የተቀኘሁ ሰውዬ! የካሚዮኑን ቀን፣ የበቅሎውን ቀን፣ የጣልያኑን ቀን ስቆጥር የጌታን ቀን ዘለልሁ። እንዳላማው እስካሁን «ጌታ ሲያርግ ፍሥሐ የት ነበር?» እያለ ያበሽቀኛል። ሐሙስን እዚያው ዋልን። አርብ ገስግሰን ደጀን ቀትር ሆነብን። ቁልቁለቱን ጨርሰን ወንዙ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ጠለቀች።

ታረቀኝ «ችቦ አብርተን እንውጣ፤ እዚህ አይታደርም» ብሎ ለመነ። አለቃ በቅሏቸውን ከግራር ሥር አስረው፣ «ሰንበት ገብቷል። የሚፈራ ይሂድ፤ አልቀየመውም፤» አሉ። ማን ጥሏቸው ይሄዳል? አትከፋፈሉ ብለሽኝ የለም? አርብ ሌሊት፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤ ሦስት ሌሊት ዓባይ በረሃ አደርን። ሙቀቱ ድንጋዩ ውስጥ ገብቶ ያድራል። ትንኙን አልነግርሽም።

ዛሬ አቀበቱን ስንወጣ ግን አለቃ ከሁሉም ቀድመው ነው የወጡት። አንዳቸውንም ራስ ምታት እንኳ አልነካቸውም። ከቆጠራዬ የጎደለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ግንቦት ፳፫ እንገባለን። አሁንም አንድ ቀን ይተርፈናል።

በኛ ተስፋ አትቁረጪ። እኔ አልቆረጥሁም።

ፍሥሐ


አዲስ አበባ፣ ማክሰኞ ግንቦት ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩

ፍሥሐ፣

ሰላምታ የለኝም፤ ይቅር በለኝ።

ቀኑ ተለወጠ። እስረኞቹ የሚጫኑት ሰኞ ግንቦት ፳፩ ጎህ ሲቀድ ነው። ዋስ የሚቀበሉት እሑድ እስከ ቀትር ብቻ ነው ተባለ። ሹሙን ለመንሁት፤ ከእግሩ ወደቅሁ። «ካሚዮን አለ አይደለም?» አለኝ።

ይህን የያዘው የካሚዮኑ ሾፌር ነው። ነገ ወደ ማርቆስ ሲሄድ በመንገድ ላይ ስምንት በቅሎ የያዙ መንገደኞች እየፈለገ እንዲሰጥህ ለምኜዋለሁ፤ እናትም አለችው፤ እሺ ብሎኛል። ቅዳሜ ሲመለስ በዚያው መንገድ ነው፤ ባላችሁበት ቆሞ ያነሣችኋል። ሰባት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፤ ስምንተኛ ቦታ የለውም።

ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። እሑድም ጰራቅሊጦስ መሆኑን አውቃለሁ። አለቃን ምን ብለህ እንደምትነግራቸው አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ በበቅሎ መጡ አልኸኝ፣ በካሚዮን መጡ አልኸኝ፣ እሑድ ቀትር ላይ ሰባት ሰው በዚያ በር ላይ ካልቆመ አባት የለንም።

ካሚዮኑን አትሳፈሩ ያልሁህን መልስልኝ። እኔ ነኝ የተሳሳትሁት።

የብርጓል


ሙከ ጡሪ፣ ቅዳሜ ግንቦት ፲፱ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእታለሜ፤

ይህን ደብዳቤ የሚሰጡሽ ሰባቱ ሰዎች ናቸው። እኔ ከበቅሎዎቹና ከታረቀኝ ጋር እዚህ ቀርቻለሁ።

ሾፌሩ ረቡዕ ማታ አገኘን። ሐሙስና አርብ ከሮጥን ሱሉልታ ደርሰን፣ የቀረውን አለቃ ቢፈቅዱ በእግር እንጨርሰዋለን ብዬ ነበር። ሐሙስ ቀን ግን አለቃ በበቅሎው ላይ ተንቀጠቀጡ። በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርበንላቸው ይንቀጠቀጣሉ። ታረቀኝ ጎተት አድርጎ ወሰደኝና፣ «ንዳድ ነው። ሳምንት ሙሉ ተደብቆ ነው የሚወጣው፤» አለኝ። ከበረሃው የተሸከሙትን ነው፣ እታለም፤ እኔ ከቆጠራዬ በዘለልሁት ቀን የተሸከሙትን። ከዚያ በኋላ የሰው እርምጃ ያህል እንኳ አልተጓዝንም።

የጻፍሽውን አልደበቅኋቸውም። ትናንት ማታ ካረፍንበት ዛፍ ሥር ተቀምጬ ሁሉንም አነበብሁላቸው። ቅዳሜ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ተያዘ። አለቃ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ፣ «ያ በግ የት ደረሰ?» አሉኝ።

ትኩሳቱ መስሎኝ ነበር። «የቱ በግ፣ አለቃ?» አልሁ።

«ያን ጊዜ ጉድጓዱን አላየኸውም ብዬህ ነበር። አሁን አየሁት። ካሚዮኑ ሲመጣ ቀስቅሱኝ።»

ዛሬ ሰንበትን እስከ ቀትር እዚሁ ዛፍ ሥር ዋሉ። ካሚዮኑ ሲቆም እንዳላማው ሊያቅፋቸው እጁን ዘረጋ፤ እንቢ ብለው መጀመሪያ የወጡት እሳቸው ናቸው። ሌሎቹ የእሳቸውን እግር እያዩ ነበር የቆሙት፤ ከዚያ ወጡ። ማንም አልቀለደም። እንዳላማው እንኳ።

በሩ ላይ በእግራቸው መቆም አለባቸው፤ አልረሳሁም። በመንገድ ውኃ ስጧቸው ብያለሁ። እኔ ከዚህ ሆኜ የማደርገው የለም። አንዲት ቃል ብትሆን ላኪልኝ።

ሾፌሩ እየጠራ ነው።

ፍሥሐ


አዲስ አበባ፣ ረቡዕ ግንቦት ፳፫ ቀን ፲፱፻፴፩

ወንድም ዓለም፣

ይህን እንዳላማው በእጁ ይሰጥሃል። አንብበህ አቃጥለው።

አባታችን ወጥተዋል። ከእኔ ቤት ናቸው፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝተዋል። ይህን ካስቀደምሁልህ የቀረውን ቀስ ብለህ አንብብ።

እሑድ ረፋድ ላይ ሰባቱም በሩ ላይ ነበሩ። እንዳላማው አለቃን አዝሏቸው መጥቶ፣ ለበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው «አውርደኝ» አሉት። ጥምጥማቸውን አስተካከልሁላቸው። ስም ሲጠራ እሳቸው ሰባተኛ ነበሩ። ሹሙ ስማቸውን አጣሞ ጠራው፤ ዝም አሉ። እንዳላማው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለተኛ ጠራ። «አለሁ» አሉ። ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ እንደምታውቀው ነበር። አውራ ጣታቸውን ሲያትሙ ቀለሙ ከላባቸው ጋር ወረደ፤ ሹሙ ጠርጎ ዳግመኛ አሳተማቸው። ከበሩ ርቀን እስክንታጠፍ ድረስ በእግራቸው ሄዱ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ የእስረኞቹ ካሚዮኖች በደጃችን ሲያልፉ ድምፁን እየሰማን ሳለ፣ አለቃ ዐረፉ።

አላለቀስንም። ገባህ? ሌላ ሰባተኛ ሰው የለንም፤ ራስህ ጽፈህልኛል። መሞታቸው ከተሰማ አባታችን በዐሥራ አምስት ቀን ይመለሳሉ። ለደብሩ ካህን «መንገደኛ ሞተብን» ብለን ቀበርናቸው። ነጠላ አላዘቀዘቅሁም። አባታችን ያን ሁሉ ዜማ የሚያውቁት በከንፈራቸው ብቻ አዜሙላቸው። ድምፅ ቢያወጡም የሚወጣላቸው አይመስለኝም፤ ሲፈቱ እኔ ራሴ አላወቅኋቸውም። የአገልግሉንም ነገር ልናዘዝልህ፤ ምግቡን ይበሉት የነበሩት ጎረቤቶቻቸው እስረኞች ናቸው። ከፋሲካ ወዲህ ለእሳቸው አይወርድላቸውም ነበር። አውቅ ነበር። ይቅር በለኝ።

ከተፈቱት ጸጥ ብለው የቆዩትን መስከረም ላይ ከዋስ እናወርዳለን ብሏል ሹሙ። ስለዚህ እስከ መስከረም ድረስ አለቃ በሕይወት አሉ። ክረምቱን ከአባታችን ጋር አዲስ አበባ ይከርማሉ። ስድስቱም በዚህ ምለዋል። እነሱ ቆየት ብለው በእግራቸው ይከተላሉ፤ አንተ ግን በቅሎዎቹን ይዘህ ቅደም።

ለእመት ወለተ ሐዋርያት የምትነግራቸው አንተ ነህ። የአለቃ ሚስት ናቸው፤ የሌላ ሰው ቃል አይበቃቸውም።

እኅትህ የብርጓል


ይጁቤ፣ አርብ ሰኔ ፱ ቀን ፲፱፻፴፩

ለእታለሜ፤

የአባታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ይህን በታረቀኝ እጅ ልኬዋለሁ፤ ደብዳቤሽንም እንዳልሽኝ አቃጥያለሁ።

«ስትነግራቸው ጻፍልኝ» ብለሽ በእንዳላማው አፍ ለላክሽብኝ፣ ነግሬያቸዋለሁ። ትናንት እንደገባሁ በቅሎዎቹን ሳላራግፍ ሄድሁ። እመት ወለተ ሐዋርያት ዝናቡ ሳይበረታ ደጃቸውን በድንጋይ ያስነጥፉ ነበር፤ አለቃ ሲመለሱ እግራቸው ጭቃ እንዳይነካ ነው አሉኝ። ደኅና ናቸው አልሁ። ክረምቱን ከአባታችን ጋር ይከርማሉ አልሁ። ድምፄ አልተያዘም። ይህን ያህል ዋሾ መሆኔን አላውቅም ነበር።

ብዙ አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ሰንበትን የት ዋላችሁ?»

«አንዱን ዓባይ በረሃ፤ አንዱን ሙከ ጡሪ፣ ዛፍ ሥር፤» አልኋቸው። እስከ ቀትር ያለው እውነት ነው።

«ኧረ አውቄያለሁ፤ አለቃ መቼ ሰንበት ይሽራሉ!» አሉና ደስ ብሏቸው ወደ ጓዳ ገቡ። ሲወጡ አዲስ ቡልኮ ተሸክመዋል። ሁዳዴን ሙሉ ፈትለው ያሠሩት ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ለሽማግሌ አይመችም አሉ ብለው ጉልበቴ ላይ አኖሩት። ከብዶኛል፣ እታለም። በሁለት እጄ ይዤው ከየት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

«በምን ትልከዋለህ?» አሉኝ። «ካሚዮኑ የሚነሣው ነገ ወዲያ ነው ይላሉ፤ ሰንበት ቢሆንም ዕቃ ነው፤ ሰው አይደለም። ወይስ በታረቀኝ በቅሎ ይሻላል? አንተ የተማርህ ነህ፤ ምረጥልኝ።»

እኔ ነኝ፤ ካሚዮን ካሚዮን እያልሁ አገር ያስቸገርሁት።

«በበቅሎ ይሂድ፣ እማማ፤» አልኋቸው። «አያስቸኩልም።»

ወንድምሽ ፍሥሐ